በምግብ ላይና በባዶ ሆድ፤ የአረንጓዴ ሻይ ንጥር በእንስሳት ልብና ጉበት ላይ ያሳየው ውጤት

ከዕፅዋት ተዘጋጅተው በእንክብል፣ በካፕሱልና በዱቄት መልክ የሚሸጡ የምግብ ማሟያዎች ልብን እንደሚጠብቁና ጉበትን እንደሚያጠናክሩ ሲነገርላቸው መስማት የተለመደ ሆኗል። በብዙዎቹ ማሸጊያ ላይ፣ ወይም ለምዝገባና ለግዥ በሚቀርቡት ሰነዶች ውስጥ፣ ጠቀሜታቸው በእንስሳት ላይ በተካሄደ ጥናት የተረጋገጠ መሆኑ ይጠቀሳል። አገላለጹ ሳይንሳዊ ክብደት ያለው ቢመስልም በራሱ የሚያስረዳው ነገር ጥቂት ነው። እንስሳው ምን ዓይነት እንደነበር፣ ምን ያህል መጠን እንደተሰጠው፣ በምን መንገድ እንደተሰጠውና ሲሰጠው በልቶ ነበር ወይስ ጾሙን ነበር የሚሉት ጥያቄዎች ካልተመለሱ አንዱ ጥናት የሌላውን ተቃራኒ ሊያሳይ ይችላል።

ለዚህ ከአረንጓዴ ሻይ ንጥር የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ የምግብ ማሟያ በትናንሽና በትላልቅ አይጦች እንዲሁም በውሾች ላይ በተደጋጋሚ የተፈተሸ ሲሆን፣ በአንድ በኩል የደም ሥርን ከስብ ክምችት የመከላከል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ጉበትን እስከ ሞት በሚያደርስ ደረጃ የመጉዳት ውጤት ተመዝግቦበታል። ሁለቱም ውጤቶች እውነት ናቸው። ልዩነቱ የመጣው በአብዛኛው ከአሰጣጡ ነው።

ጥቁር ሻይም ሆነ አረንጓዴ ሻይ የሚገኘው ከአንድ ተክል ነው። ተክሉ በአገራችንም በካፋ ውሽውሽና በኢሉ አባ ቦር ጉማሮ በሰፊው የሚለማው ያው የሻይ ቅጠል ነው። ጥቁሩ የሚዘጋጀው ቅጠሉ ጠውልጎና ታሽቶ ከአየር ጋር በመዋሃድ እንዲጠቁር በማድረግ ሲሆን፣ አረንጓዴው ግን እንደተቀጠፈ በእንፋሎት ወይም በጋለ ምጣድ ላይ እንዲሞቅ ስለሚደረግ ይህ ለውጥ ይገታል። በመሆኑም ካቴኪን የተባሉት የቅጠሉ ንጥረ ነገሮች በብዛት ሳይለወጡ ይቀራሉ። ከእነዚህ ዋነኛው ኢፒጋሎካቴኪን ጋሌት፣ በአጭሩ ኢ.ጂ.ሲ.ጂ. የሚባለው ነው።

ንጥሩ የሚገኘው ቅጠሉ በውኃ ወይም በአልኮል ተዘፍዝፎ ፈሳሹ ከተጣራና ከደረቀ በኋላ በሚቀረው ዱቄት ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ እንደተመለከተው፣ ሻዩን አፍልተው የሚጠጡ ሰዎች በቀን በአማካይ ከ90 እስከ 300 ሚሊ ግራም ኢ.ጂ.ሲ.ጂ. የሚያገኙ ሲሆን፣ አብዝተው የሚጠጡት እስከ 866 ሚሊ ግራም ሊደርሱ ይችላሉ። በምግብ ማሟያነት የሚሸጠው ንጥር የሚያስገኘው ደግሞ ከ5 እስከ 1,000 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ስለዚህ የመጠኑ ልዩነት ብቻውን የሚታሰበውን ያህል ሰፊ አይደለም። ጠጪው ያንን መጠን ቀኑን ሙሉ በስኒ በስኒ እየከፋፈለ፣ ብዙውን ጊዜም ከምግብ ጋር ሲወስደው፣ የእንክብሉ ተጠቃሚ ግን በአንድ ጉርሻ ይውጠዋል።

በልብና በደም ሥር ረገድ የተገኙት ውጤቶች ተስፋ ሰጪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ በሆነ አንድ የጃፓን ጥናት፣ በዘረ መላቸው ጉድለት ምክንያት በደም ቅዳቸው ግድግዳ ላይ ስብ በቀላሉ የሚከማችባቸው ትናንሽ አይጦች ተመርጠው የሻይ ንጥር በሚጠጡት ውኃ ውስጥ ተበጥብጦ ለ14 ሳምንታት ተሰጥቷቸዋል። መጠኑ በአንድ ሊትር ውኃ 0.8 ግራም ነበር። በጊዜው ማብቂያ ሲመረመሩ በዋናው ደም ቅዳቸው ላይ ስብ የተለጠፈበት ስፋት ተራ ውኃ ከጠጡት አይጦች ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ቀንሶ ተገኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የተካሄደ ሌላ ጥናት ጉዳዩን አንድ እርምጃ ወደፊት ወስዶታል። ተመራማሪዎቹ ተመሳሳይ ጉድለት ባላቸው አይጦች አንገት ላይ በሚገኘው የደም ቅዳ ዙሪያ ትንሽ ቀለበት በማሰር አዲስ የስብ ክምችት እንዲጀምር ካደረጉ በኋላ ኢ.ጂ.ሲ.ጂ. በመርፌ ሰጧቸው። አዲስ በመፈጠር ላይ የነበረው ክምችት ከግማሽ በላይ ሲቀንስ፣ ቀደም ብሎ በልባቸው አቅራቢያ የተፈጠረው ክምችት ግን ምንም ለውጥ አላሳየም። ይህ ግኝት ለማስታወቂያ አመቺ ባለመሆኑ ሳይሆን አይቀርም እምብዛም ሲጠቀስ አይሰማም። አንድ ንጥረ ነገር ገና በመጀመር ላይ ያለን ችግር ሊያዘገይ ይችላል ማለት ለዓመታት የቆየን የልብ ሕመም ያድናል ማለት አይደለም። ሰነድ መርማሪ "የደም ሥርን ይከላከላል" የሚል ሐረግ ሲያይ የትኛውን የሕመም ደረጃ እንደሚመለከት መጠየቅ የሚኖርበትም በዚህ ምክንያት ነው።

በጉበት በኩል ያለው ታሪክ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳመለከተው፣ በኪሎ ግራም ክብደት 1,500 ሚሊ ግራም ኢ.ጂ.ሲ.ጂ. በአንድ ጊዜ በአፋቸው በኩል ወደ ጨጓራቸው የተጨመረላቸው ትናንሽ አይጦች ጉበት ክፉኛ ተጎድቷል። የጉበት ህዋሳት ሲፈርሱ ወደ ደም የሚፈስሰው ኤ.ኤል.ቲ. የተባለው ኢንዛይም በ138 እጥፍ የጨመረ ሲሆን፣ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸውም በ85 በመቶ ቀንሷል። በጉበታቸው ላይ የታየውም ኦክሲጅን አመጣሽ ጉዳት ነበር። ካቴኪኖች የሚወደሱት ይህንኑ ዓይነት ጉዳት በመከላከላቸው በመሆኑ ግኝቱ በመጀመሪያ ሲታይ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ይሁን እንጂ በዝቅተኛ መጠን ኦክሲጅን አመጣሽ ጉዳትን የሚከላከል ንጥረ ነገር በከፍተኛ መጠን ራሱ የጉዳቱ ምንጭ መሆኑ በኬሚስትሪ ዘንድ እንግዳ ክስተት አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ መጠን ማብራራት ያስፈልጋል። የትንሽ አይጥ አካል ንጥረ ነገሮችን የሚያቃጥለው ከሰው እጅግ በፈጠነ ሁኔታ በመሆኑ በኪሎ ግራም የተሰላን መጠን እንዳለ ወደ ሰው መገልበጥ ስህተት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ መሠረት ለመነሻ ስሌት የትንሿ አይጥ መጠን ለ12.3፣ የትልቋ አይጥ ለ6.2፣ የውሻ ደግሞ ለ1.8 ይካፈላል። ከላይ የተጠቀሰው 1,500 ሚሊ ግራም በዚህ ስሌት ሲመነዘር 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው 7.3 ግራም ያህል ይሆናል። ይህም በአንድ ቀን ይወሰዳል ተብሎ ከሚገመተው እጅግ የላቀ ነው። ስለሆነም የአይጦቹ ሞት ብቻውን ተጠቃሚዎች አደጋ ላይ ናቸው ለማለት አያበቃም። ለጥንቃቄው ዋነኛ መነሻ የሆነው በውሾች ላይ የታየው ነው።

በካንሰር መከላከያነት ሊያገለግል ይችል እንደሆነ ለማጥናት የተዘጋጀ አንድ የአረንጓዴ ሻይ ንጥር ለረጅም ጊዜ መወሰዱ ያለውን ደኅንነት ለመፈተሽ ቢግል ለተባሉ ውሾች እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር። ንጥሩ በየቀኑ በኪሎ ግራም ክብደት 200፣ 500 እና 1,000 ሚሊ ግራም በሆነ መጠን የተሰጠ ሲሆን፣ ውሾቹ የሚወስዱት ሳይበሉ በባዶ ሆዳቸው ነበር። ባዶ ሆድ የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 በ30 ጤነኛ ፈቃደኛ ሰዎች ላይ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ ተመሳሳዩ ንጥር ከምግብ በፊት ሲወሰድ በደም ውስጥ የሚገኘው የኢ.ጂ.ሲ.ጂ. ከፍተኛ መጠን ከምግብ ጋር ሲወሰድ ከሚገኘው ከ3.5 እጥፍ በላይ ይሆናል። ለተመራማሪዎች ይህ ጥቅም መስሎ ታይቷል፤ በጥቂት እንክብል ብዙ ንጥረ ነገር ወደ ደም ማስገባት ያስችላልና።

ውጤቱ ግን የተጠበቀው አልሆነም። በሦስቱም የመጠን ምድቦች ውሾች በብዛት ታመው ሞቱ። በበርካታ ዋና ዋና የአካል ክፍሎቻቸው ላይም ጉዳት ተገኘ። ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ በ6 ወር ተኩል ላይ እንዲቋረጥ ተደረገ። ዝቅተኛው መጠን እንኳ ከአደጋው ነጻ ባለመሆኑ ምንም ጉዳት የማያደርስ መጠን የትኛው እንደሆነ ከጥናቱ ማወቅ አልተቻለም።

ከዚያ በኋላ የተደረገው የ13 ሳምንት ጥናት ጉዳዩን ለማጣራት ያለመ ነበር። ውሾቹ ከሁለት ተከፍለው አንደኛው ምድብ በልቶ፣ ሁለተኛው ሳይበላ ንጥሩን እንዲወስድ ተደረገ። የበሉት ውሾች ደም ውስጥ የተገኘው የንጥረ ነገሩ መጠን በጣም ያነሰና ከውሻ ውሻ ብዙም የማይለያይ ሲሆን፣ በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ዝቅ ባለ ቁጥር ጉዳቱም የቀነሰና የቀለለ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱን ያሳተሙት ተመራማሪዎች ግን በባዶ ሆድ የወሰዱት ውሾች ለምን እንደሞቱ ሙሉ በሙሉ ማስረዳት እንዳልቻሉ አልሸሸጉም።

ይህ ጥናት ብቻውን የቆመ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በሌሎች ተመራማሪዎች የታተመ የደኅንነት ጥናት ውስጥም፣ በኪሎ ግራም 500 ሚሊ ግራም ኢ.ጂ.ሲ.ጂ. ቀድመው ለበሉ ውሾች በቀን ተከፋፍሎ ለ13 ሳምንታት ሲሰጥ ጉዳት አላስከተለም። ያው መጠን ላልበሉ ውሾች በአንድ ጊዜ ሲሰጥ ግን አሳምሟቸዋል። የጥናቱ አዘጋጆች ሁለተኛው ሁኔታ ከሰው አጠቃቀም ጋር የማይመሳሰል ነው በማለት አልፈውት ነበር።

ይህ አስተያየት በኢትዮጵያ ሁኔታ ሲመዘን ውኃ የሚያነሳ አይመስልም። በአገራችን ማንኛውም የባህል መድኃኒት በጠዋት፣ እህል ሳይቀመስ፣ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ይሠራል የሚል ሥር የሰደደ ልማድ አለ። ኮሶ የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና ማር፣ ጥቁር አዝሙድና ሌሎችም በዚሁ መልክ ሲወሰዱ ይታያል። ይህን ልማድ የያዘ ተጠቃሚ ከውጭ የገባውን እንክብልም ከቁርስ በፊት ቢውጠው የሚያስገርም አይሆንም። በአጽዋማትና በረመዳን ወራት ደግሞ እህል ሳይቀመስ የሚቆይበት ሰዓት ይረዝማል። ጾመኛው በእነዚያ ሰዓታት እንክብል ባይወስድም፣ ጾም በሚገደፍበት ወይም በሚፈታበት ሰዓት ማዕድ ከመቅረቡ በፊት መዋጥ ቀላል ነው። በቤተ ሙከራ ከእውነታው የራቀ የተባለው ሁኔታ በብዙ ቤት የዕለት ተዕለት አሠራር ሊሆን ይችላል።

ሆድ ባዶ መሆኑ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣበት ምክንያት በከፊል የሚታወቅ ነው። ካቴኪኖች ከፕሮቲን ጋር በቀላሉ ይጣበቃሉ፤ ሻይ አፍ ውስጥ የሚፈጥረው መጥበቅ የመሰለ ስሜትም የሚመጣው ከምራቅ ፕሮቲን ጋር በመያያዛቸው ነው። በጨጓራ ውስጥ ምግብ ካለ ከፊሉ ከምግቡ ጋር ተያይዞ ወደ ታች ይወርዳል፣ የቀረውም ቀስ በቀስ ይሰርጋል። ምግብ ከሌለ ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ በብዛት ይገባል። ከአንጀት የሚነሳው ደም ወደ ሌላው አካል ከመሠራጨቱ በፊት በቀጥታ የሚያመራው ወደ ጉበት በመሆኑ የመጀመሪያውንና ከፍተኛውን መጠን የሚቀበለው ጉበት ነው። ልብ የሚደርሰው ጉበት ካጣራው በኋላ የቀረው ነው። አንዱ አካል ጥቅም፣ ሌላው ጉዳት ማሳየቱ በዚህ ረገድ ሲታይ ያን ያህል እንቆቅልሽ አይሆንም።

የአይጦቹ ጥናትም ይህንኑ የሚያጠናክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት፣ ለሁለት ሳምንታት ኢ.ጂ.ሲ.ጂ. ከመኖአቸው ጋር በጥቂቱ ሲሰጣቸው የቆዩ ትናንሽ አይጦች በኋላ ከፍተኛ መጠን በአንድ ጊዜ ሲጨመርላቸው በጉበታቸው ላይ የደረሰው ጉዳት ካልተለማመዱት በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ለረጅም ዘመን ሻይ ጠጪ በሆኑ ሕዝቦች ላይ የታየውን ጤናማነት ጠቅሶ አዲስ ለጀመረ ሰው ከፍተኛ መጠን ያለው እንክብል መሸጥ ለምን አስተማማኝ እንዳልሆነ ከዚህ መገንዘብ ይቻላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገው የሁለት ዓመት ጥናትም የአረንጓዴ ሻይ ንጥር በአይጦች ላይ ካንሰር እንደማያመጣ ያረጋገጠ ሲሆን፣ በትላልቆቹ አይጦች ጉበት ላይ ግን ከካንሰር ውጭ የሆኑ ጉዳቶችን መዝግቧል።

ሌላው ሊታለፍ የማይገባው ነጥብ የግለሰቦች ልዩነት ነው። አብዛኞቹ የቤተ ሙከራ አይጦች ለብዙ ትውልድ በዝምድና የተዳቀሉ በመሆናቸው እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። እንደ ሰው ልዩ ልዩ የሆነ ኅብረተሰብን አይወክሉም። ይህን ጉድለት ለማካካስ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ሆን ተብሎ ዘረ መላቸው እንዲለያይ ተደርገው የተራቡ 272 አይጦች አንድ ዓይነት መጠን ተሰጥቷቸዋል። ከእነዚህ 43ቱ፣ ማለትም 16 በመቶው ከባድ የጉበት ጉዳት ሲደርስባቸው የቀሩት ተቋቁመውታል። አማካይ ውጤቱን ብቻ የሚያሳይ ዘገባ እነዚህን 43 እንስሳት ከእይታ ይሰውራቸው ነበር።

በሰው ላይም የታየው ከዚህ የራቀ አይደለም። በአሜሪካ በመድኃኒትና በምግብ ማሟያ የሚመጣ የጉበት ጉዳትን የሚከታተለው የተመራማሪዎች መረብ በአረንጓዴ ሻይ ምክንያት ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎችን መርምሮ፣ 72 በመቶ የሚሆኑት ኤች.ኤል.ኤ.-ቢ 35፡01 የተባለውን የዘረ መል ዓይነት የያዙ መሆናቸውን በ2021 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። በማነጻጸሪያነት በታየው ሕዝብ ውስጥ ይህን ዘረ መል የያዙት 11 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ዘረ መሉን የያዘ ሰው ሁሉ ይታመማል ማለት ግን አይደለም።

ቀደም ሲልም በአልኮል ከተዘጋጀ የአረንጓዴ ሻይ ንጥር የተሠራ የክብደት መቀነሻ ምርት ተጠቃሚዎች ላይ የጉበት ጉዳት በመታየቱ ፈረንሳይና ስፔን እ.ኤ.አ. በ2003 ምርቱን ከገበያ አስወጥተዋል። የአሜሪካ የመድኃኒት መስፈርት ተቋም ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ግምገማም ከአረንጓዴ ሻይ ምርቶች ጋር የተያያዙ 34 የጉበት ጉዳት ሪፖርቶችን መርምረው 7ቱን ከምርቱ የመጡ ሊሆኑ እንደሚችሉ በከፍተኛ ደረጃ የሚገመቱ፣ 27ቱን ደግሞ ዕድሉ ያላቸው ሲሉ መድበዋቸዋል።

ልብንና ጉበትን ጎን ለጎን ለማየት የሚያስችለው ግን በሚኒሶታ የተካሄደው ትልቅ ጥናት ነው። የወር አበባቸው የተቋረጠ 1,075 ሴቶች ተከፍለው ከፊሎቹ በቀን 843 ሚሊ ግራም ኢ.ጂ.ሲ.ጂ. የያዘ ንጥር፣ የቀሩት ምንም ንጥረ ነገር የሌለበት ተመሳሳይ ካፕሱል ለአንድ ዓመት ወስደዋል። ንጥሩን በወሰዱት ዘንድ ለልብ ሕመም ከሚያጋልጡት ምክንያቶች አንዱ የሆነው ጎጂው የኮሌስትሮል ዓይነት 4.1 በመቶ ያህል ቀንሷል። በዚያው ጊዜ መካከለኛና ከዚያ በላይ የሆነ የጉበት ምርመራ መዛባት በ5.1 በመቶዎቹ ላይ ሲታይ፣ በማነጻጸሪያው ምድብ የታየው በ0.7 በመቶዎቹ ላይ ብቻ ነው። የጥቅሙ መጠን አነስተኛ መሆኑና ጉዳቱ በጥቂቶች ላይ የሚያርፍ መሆኑ አንድ ላይ ሲታዩ ውሳኔውን ከባድ ያደርጉታል። ጥቂት ጥቅም ለብዙዎች ሲዳረስ፣ ጉዳቱ ማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ አይታወቅም።

የአውሮፓ ኅብረት እነዚህን መረጃዎች መነሻ በማድረግ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ደንብ፣ በአንድ ቀን የሚወሰደው የንጥሩ ድርሻ የሚይዘው ኢ.ጂ.ሲ.ጂ. ከ800 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን ወስኗል። የምርቱ ማሸጊያም በባዶ ሆድ እንዳይወሰድ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ከ18 ዓመት በታች ያሉ እንዳይጠቀሙበት፣ እንዲሁም በዚያው ቀን ሌላ አረንጓዴ ሻይ ያለበት ምርት ለሚወስዱ እንዳልተፈቀደ እንዲገልጽ ያስገድዳል። በውሾቹ ላይ የታየው በልቶ የመውሰድና ሳይበሉ የመውሰድ ልዩነት ከቤተ ሙከራ ተነሥቶ የሕግ አንቀጽ ለመሆን 13 ዓመት ፈጅቶበታል።

በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒትን ደኅንነት የመቆጣጠር ኃላፊነት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ይሁንና የእነዚህ ምርቶች ጉዳይ ከአንድ መሥሪያ ቤት በላይ የሚነካ ነው። ጉምሩክ ላይ የሚፈትሸው፣ የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው፣ ማስታወቂያ የሚከታተለውና በጤና ጣቢያ ሕሙማንን የሚቀበለው ባለሙያ ሁሉ በየድርሻው ይመለከተዋል። በተለይ ጤና ጣቢያ ላይ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የመጣ ሰው ስለሚወስደው መድኃኒት ሲጠየቅ የዕፅዋት እንክብልን መድኃኒት ብሎ ስለማይቆጥረው ሳይናገር ሊቀር ይችላል። ስለዕፅዋት ማሟያዎች ለይቶ መጠየቅ ምንም ወጪ የማይጠይቅ እርምጃ ነው።

ከውጭ የሚገቡት ብቻ ሳይሆኑ በአገር ውስጥ ተዘጋጅተው ወደ ገበያ የሚወጡትም በዚሁ መለኪያ መታየት ይኖርባቸዋል። ሺፈራው፣ በጋሞና በወላይታ ሀለኮ በመባል የሚታወቀው ዛፍ ለዚህ ተጠቃሽ ነው። በኮንሶና በአካባቢው ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ለትውልዶች ሲበላ የኖረ ሲሆን፣ ከጊዜ ወዲህ በዱቄት፣ በሻይ ከረጢትና በእንክብል መልክ ይሸጣል። በአገራችን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት የቅጠሉ የውኃ ንጥር የተሰጣቸው አይጦች የስኳርና የኮሌስትሮል መጠናቸው ቀንሶ፣ በጉበትና በኩላሊታቸው ላይም ጉዳት ሳይታይ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የሺፈራውን ልዩ ልዩ ክፍሎች በቤተ ሙከራ በሚራቡ የሰው ጉበት ህዋሳት ላይ ፈትሿል። በውኃ የወጣው የቅጠሉ ንጥር ህዋሳቱን አልጎዳም። በአልኮል የወጣው የቅጠሉና የፍሬው ንጥር ግን በከፍተኛ መጠን ሲጨመር ህዋሳቱን ገድሏል። ዛፉ አንድ ነው፣ ቅጠሉም ያው ቅጠል ነው፤ የተለየው የተዘፈዘፈበት ፈሳሽ ነው። በአልኮል የተዘጋጀ የሺፈራው እንክብል ለምዝገባ የቀረበለት ባለሙያ በውኃ ንጥር የተሠራውን የአይጦች ጥናት በማስረጃነት ቢቀበል፣ ወይም የኮንሶ ገበሬ ለዘመናት የበላው ነው በሚል ቢያሳልፈው፣ የሚያጸድቀው ያልተፈተሸ ምርት ይሆናል። አመልካቹ ንጥሩ በምን ፈሳሽ እንደወጣ፣ በየትኛው እንስሳ ላይ በምን መጠንና ለስንት ጊዜ እንደተፈተሸ፣ እንስሳውም በልቶ ይሁን ሳይበላ እንደወሰደው በአንድ ገጽ ላይ እንዲያሰፍር መጠየቅ ይቻላል። ጥናቱን በእርግጥ ላካሄደ ድርጅት ይህን መጻፍ ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድበትም።